ስልክህን የሰጠኝ እገሌ ነው

የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ የሚመጣውን አስቀድሜ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ሰላምታ ነው። ወሎ ነንና ደህና ነህ፣ ቤተሰብ ደህና፣ አገር ደህና ሳይባባሉ ወደ ጉዳይ መግባት የለም። ከዚያ ደዋዩ የራሱን ስም ሳይነግረኝ የሌላ ሰው ስም ይጠራል። "ስልክህን የሰጠኝ እገሌ ነው።" የእሱን ስም የምሰማው ብዙ ጊዜ ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ ሞተር እጠቀልላለሁ። የወፍጮ ዳይናሞ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የእንጨት ቤት መሰንጠቂያ፣ ያገኘሁትን ሁሉ። የተቃጠለውን ጥቅል አውጥቼ በአዲስ የመዳብ ሽቦ እመልሰዋለሁ። ሃያ ዓመት አልፎኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ "ታፔላህን አይቼ ነው" ብሎ የደወለ ሰው በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል። ከእነሱም አንዱ የደወለው ታፔላው ዘሞ መኪናው ላይ ሊወድቅ መሆኑን ሊነግረኝ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳችኝ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ናት። ቴክኒክና ሙያ ጨርሳ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። እጇ ጥሩ ነው፤ ሽቦ ስትስብ አይደራረብባትም። ባለፈው ወር ስልኳን ይዛ መጣችና "ጋሼ፣ ቲክቶክ እንክፈት። ስንሠራ ልቅረጽ" አለችኝ። እኔም ሳላስበው "ሥራ ራሱ ይናገራል" አልኳት። ካልኩት በኋላ አፈርኩ። ሥራ ራሱ አይናገርም። የተጠቀለለ ሞተር ተዘግቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ወፍጮ ቤት ጥግ የሚቀመጥ ነገር ነው። ማንም ውስጡን አያይም። የሚናገረው ሰው ነው።

ሱቁን የከፈትኩት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ከደሴ ሐረጎን ወርጄ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ለሙያተኛ ሌላ አገር ነው። ደሴ ላይ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ማን ጋ ሙያ እንደለመድኩ ሰው ያውቃል። ኮምቦልቻ ላይ የሚያውቀኝ አከራዬ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን በወር አንዴ ነው የሚያውቀኝ። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ። "ዘመናዊ የሞተር ጥቅለላ፣ ፈጣንና አስተማማኝ" የሚል ትልቅ ታፔላ አስጻፍኩ። 500 ካርድ አሳተምኩና ጥቂቱን መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ አደልኩ። የወሎ ሰው የሰጡትን አይመልስም፤ ሁሉም በፈገግታ ተቀበለኝ። ወደ ሱቅ ስመለስ ግን መንገዱ ዳር ካርዴን እየረገጥኩ ነበር የሄድኩት። በመጀመሪያው ወር የጠቀለልኩት ሞተር አንድ ነው። የአከራዬ ነበር፤ ከኪራይ ተቀነሰ።

በ1998 የአገሩ ስልክ ቁጥር ሁሉ ሲቀየር ካርዱ ላይ ያለው ቁጥርም ሞተ። አራት መቶ ያህል ካርድ ከነካርቶኑ ተረፈ። መጣሉ ከበደኝና ጀርባውን መጻፊያ አደረግኩት። አንድ ሞተር ስፈታ ያየሁትን ሁሉ እጽፍበታለሁ፤ ሽቦው የሚተኛበት ቦይ 36 ነው ወይስ 24፣ በአንዱ ቦይ ስንት ዙር ሽቦ አለ፣ ሽቦው ስንት ውፍረት ነው፣ ጥቅሎቹ ከሁለቱ የማገናኛ ዓይነቶች በየትኛው ተያያዙ፣ በስታር ነው በዴልታ፣ ምን አቃጠለው። ከላይ ባለቤቱን እጽፋለሁ። በስም ሳይሆን በሚታወቅበት። "ሰኞ ገበያ፣ ባለ ወፍጮዋ።" "ሐይቅ፣ ባለ ሽንኩርቱ።" ካርቶኑ እስካሁን ከጠረጴዛዬ ሥር አለ።

ከባለ ወፍጮዋ ልጀምር። እትዬ ነው የምላቸው። የወፍጯቸው ሞተር 20 ፈረስ ጉልበት ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቴ ተቃጥሎ ሁለቴ ተጠቅልሏል። ሦስተኛ ሲቃጠል ወደ እኔ የላኳቸው ሐጂ ናቸው። ሐጂ ኮምቦልቻ ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣሉ። ሽቦም ቨርኒሽም የምወስደው ከእሳቸው ነበር፤ ያኔ አብዛኛውን በዱቤ።

ሞተሩን ከፈትኩት። ከሦስቱ ፌዞች የአንዱ ጥቅል ከሰል መስሏል፤ የሁለቱ ግን ገና ቀይ ናቸው። ይህ ለጠቃላይ ፊደል ነው። ሞተር ጭነት በዝቶበት ሲቃጠል ሁሉም ጥቅል አብሮ ይጠቁራል። በዴልታ የተገናኘ ሆኖ አንዱ ብቻ ሲከስል ግን ጥፋቱ ከውጭ ነው፤ ከሦስቱ የመብራት መስመሮች አንዱ እየቀረ ነው ማለት ነው። ሞተሩ በሁለቱ እያቃሰተ ይዞራል፤ የጎደለውን ከራሱ ሥጋ ይከፍላል።

"እትዬ፣ ብጠቀልለውም ከአራት ወር በኋላ ይመለሳል" አልኳቸው።

"አንተም አትችልም ማለት ነው?"

"ሞተሩ አይደለም የታመመው። ቤቱን ልየው።"

ደሴ ወጣሁ። ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለው ስዊች ላይ አንዱ ቡሎን ላልቶ፣ ሽቦው ጫፍ ተለብልቦ አገኘሁት። ወፍጮው ጭነት ሲይዝ ይግልና ይለቃል። ይባስ ብሎ ሞተሩን መጠበቅ የነበረበት ኦቨርሎድ በሽቦ ታልፏል። ቡሎኑን አጽድቶ ለማሰር ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ኦቨርሎዱን መለስኩ። ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰውን ልጅ "ድምፁ ወደ ማቃሰት ከተቀየረ አጥፋ፣ ማንንም አትጠይቅ" አልኩት። ከዚያ ነው ጥቅለላ የገባሁት።

እትዬ ሽቦውን ሲያዩ ማን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቁኝ። ማን እንደሆነ አውቅ ነበር። "ኦቨርሎዱ በቆረጠ ቁጥር ወፍጮው ይቆማል፤ ተራ የያዘው ሰው ይጮኻል። እንዲሠራልዎት ብሎ ነው" አልኳቸው። ውሸትም አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ኦቨርሎድ የሚያልፈው ባለቤቱ ሲጨቀጭቀው ነው። ከዓመታት በኋላ ያ ባለሙያ ራሱ የማይችለውን ትልቅ ሞተር ይዞ ሱቄ መጣ። ያልኩት ነገር ደርሶት ነበር። ደሴ ላይ የማይደርስ ነገር የለም።

በዓመት ሦስቴ የሚመጣ ሞተር ለጠቃላይ ቋሚ ገቢ ነው። ዝም ብዬ ብጠቀልለው ማንም አያውቅብኝም ነበር። ታዲያ ለምን ተናገርኩ? ጨዋ ስለሆንኩ ነው ብል ደስ ባለኝ። ነገሩ ግን ሐጂ ናቸው። ሞተሩ በአራተኛ ወሩ ቢቃጠል እትዬ የሚደውሉት ለእኔ ሳይሆን ለሐጂ ነው። የሐጂ ዱቤ ደብተር ላይ ደግሞ ስሜ አለ። ፈርቼ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚታመነው ፈርቶ ይመስለኛል፤ በኋላ ልማድ ይሆናል።

ወፍጮ ቤት ምን ዓይነት ቦታ እንደሆነ የማያውቅ ካለ ልንገረው። በገበያ ቀን ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው እህሉን አስቀምጦ ተራ ይጠብቃል። አንድ ሰዓትም ሁለት ሰዓትም። ሥራ የለውም፤ ያወራል። የሰማውንም ከዱቄቱ ጋር ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። እትዬ ስለ እኔ ጎበዝ ነው አላሉም። ያሉት "ሞተሩ አይደለም የታመመው ብሎኝ ሄደ" ነው። ሰው እርስ በርሱ የተቀባበለው ያንን ነው። "ፈጣንና አስተማማኝ" የሚለው ታፔላዬ ከሱቄ በር አላለፈም። ይቺ ግን ተንታ፣ ኩታበር፣ ሐይቅ ደረሰች። እኔ ምን ላግኝ ብዬ እንዳደረግኩት ሳይሆን ምን እንደተውኩ የምትናገር ወሬ ስለሆነች ነው ተሸካሚ ያገኘችው።

ከዚያ በኋላ "አይሆንም" ማለት ለመድኩ። አንዴ አንድ ሰው ከቆላ የገዛውን አሮጌ ሞተር ደሴ ላይ ለእንጨት ቤት ሊያደርገው አመጣው። ሞተር ሲሠራ በላዩ የሚጻፈው ጉልበት ከባሕር ወለል እስከ 1,000 ሜትር ድረስ ላለ አየር ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ሙቀቱን አይወስድለትም። የደሴ ብርድ ጥቂት ያካክሳል፤ ያ ሞተር ግን ቆላም እያለ በጭንቅ ነበር የሚሠራው። ከፍ ያለ ግዛ አልኩት። "ሥራ የጠገብክ ሰው ነህ" ብሎኝ ሄደ። ሌላ ጋ አስጠቀለለ። በስምንተኛው ወር ወንድሙ መጣ፣ እሱ አልመጣም። እስካሁን መንገድ ላይ ሲያየኝ ማዶ ይሻገራል። ሁሉም ነገር በእርቅ አያልቅም።

አሁን የማልወደውን ላውራ።

በ2005 የካቲት ላይ ሐጂ አንድ ሰው ላኩልኝ። ሐይቅ አካባቢ ሽንኩርት ያለማል፤ የፓምፑ ሞተር ተቃጥሎበታል። "ሦስት ቀን" አልኩት። በማግስቱ ደህና የሚከፍሉ ሁለት ትልልቅ ሞተሮች መጡ። ተቀበልኳቸው። ሰውዬው ሲደውል "ነገ ጠዋት" አልኩት። በነጋታውም "ነገ ጠዋት"። እውነቱን ብነግረው ሌላ ጋ ይወስደው ነበር፤ ያንን ነው የፈራሁት። በየካቲት ፀሐይ ሽንኩርት ስንት ቀን ይጠብቃል? ሞተሩን ያስረከብኩት በ12ኛው ቀን ነው። ሥራው እንከን አልነበረውም። ማሳው ግን ግማሹ ደርቋል።

ሐጂ ጋ ሽቦ ልወስድ ስሄድ እንደ ወትሮው ቡና ተፈላ። አቦሉን ጠጣን፣ ቶናውን ጠጣን፣ በረካው ላይ ስለ ዝናብ አወራን። ምንም አላሉም። የሰሙ አልመሰለኝም። በኋላ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት፤ ሐጂ አንድ ሽማግሌ ይዘው ሐይቅ ድረስ ሄደው "ልጁን የላክሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" ብለው ይቅርታ ጠይቀዋል። እኔ ሳልሄድ። እኔ ሳላውቅ።

ከዚያ ለአንድ ዓመት ከሐጂ አንድም ሰው አልመጣም። ሰላምታቸው አልቀነሰም፣ ዱቤያቸው አልተቋረጠም፣ ቡናቸው ያው ነው። ስልኬ ብቻ ዝም አለ። መጀመሪያ ገበያው ቀዘቀዘ ብዬ ነበር። ሲቆይ ገባኝ። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ "ሐጂ፣ ተቀየሙኝ?" አልኳቸው።

"አብሽር" አሉኝ። ሲኒያቸውን አዞሩት። "ሥራህ ደህና ነው። ነገ ያልከው ነው የጎዳኝ።"

ያኔ ነው ነገሩ የታየኝ። "እሱ ጋ ሂድ" ሲሉ እኔን ማሞገሳቸው ይመስለኝ ነበር። ለካ ዋስ መሆናቸው ነው። ባንክ ቤት ለሰው ዋስ የሚሆን ቤቱን እንደሚያስይዝ ሐጂም እስከ ሽበት ዘመናቸው ያፈሩትን ስም አስይዘውልኝ ነበር፤ ፊርማ የለው፣ ወለድ የለው። እኔ ደግሞ ሁለት ሞተር በለጠብኝ።

ሐይቅ ሄድኩ። የሥራውን ገንዘብ ሙሉውን መለስኩ። ሰውዬው ተቀበለኝ፣ ሻይ ጋበዘኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ሞተር ግን ከዚያ በኋላ አላመጣልኝም። ካርዱ አለ። "ምን አቃጠለው" በሚለው ቦታ "ውሃ ገብቶበት" ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ በሌላ ቀለም "ነገ" ብዬ ጨምሬበታለሁ።

ይህን ሳወራ አንዳንዱ "ያው በሰው በሰው ማለትህ ነው" ይለኛል። አይደለም። "ሰው አለህ?" የሚለውን ጥያቄ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቢሮ በር ላይ ቆመን ያልሰማነው የለም። ያ ሰው ግን ጉድለትህን የሚሸፍንልህ ነው። ሐጂ ጉድለቴን አልሸፈኑም። ሄደው ጥፋቱን አመኑልኝና በራቸውን ዘጉብኝ።

ሌላው ስህተት ደግሞ ሰርግና ለቅሶ ላይ ደንበኛ ማደን ነው። አይቼዋለሁ፤ ድንኳን ውስጥ ካርድ የሚያድል ሰው። ቅሬያችን (እድራችን) ውስጥ እኔ ሞተር ጠቃላይ መሆኔን የማያውቅ አባል አለ። ድንኳን ሲተከል ቀድሜ እንደምመጣ ግን ያውቃል፤ ብዙም አልቀረብኝም። እርግጥ ለቅሶ ቤት መብራት ሲጠፋ የሚጠሩት እኔን ነው፤ ያኔ ያወቀ ያውቃል።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ከነቤተሰቤ ወጣሁ። ስመለስ ታኅሣሥ ሆኗል። የሱቁ በር ተገንጥሏል። ሽቦው፣ ቨርኒሹ፣ ቴስተሩ፣ ሰው ያስቀመጠብኝ ሰባት ሞተር፣ ምንም የለም። ወለሉ ላይ ካርቶኑ ተገልብጦ ካርዶቹ ተበትነዋል። የሞተ ስልክ ቁጥር ያለበትን ካርድ ማን ይፈልጋል? ተንበርክኬ አንድ በአንድ ለቀምኩ። የማን ሞተር እንደጠፋብኝ፣ ስንት ፈረስ ጉልበት እንደነበር፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ። ለሰባቱም ሰዎች ራሴ ደወልኩ። ሳይጠይቁኝ።

ሐጂም ባዶ ሱቅ ነው የጠበቃቸው። እሳቸው ራሳቸው በዱቤ ሲጀምሩ መርካቶ ላለው ነጋዴያቸው ደውለው የእኔንም ጨመሩበት። ነጋዴው አይቶኝ አያውቅም። ሽቦው በአይሱዙ መጣልኝ። በዚያው ሳምንት እትዬ ከደሴ ብር ላኩ። ደነገጥኩና ደወልኩ።

"ሞተርዎ ተቃጠለ እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነው። ሲቃጠል ትሠራልኛለህ።"

የመርካቶውን ዕዳ በዘጠኝ ወር ጨረስኩ። የእትዬን ግን አልቻልኩም። ሞተሩ አልቃጠል አለ። በየዓመቱ እየሄድኩ ኩሺኔታውን አይቼ፣ ቡሎኖቹን አጥብቄ፣ ቺንጋውን ለክቼ እመለሳለሁ። ሂሳብ ሲሉኝ ቅድሚያ ተከፍሏል እላለሁ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። እሷ የምትለው አንድ ነገር አለ፤ መልስ አላገኘሁለትም። "ጋሼ፣ እርስዎ ሐጂ አሉዎት። እኔ ማን አለኝ?" ልክ ናት። በየዓመቱ ከወሎ ዩኒቨርሲቲም ከቴክኒክና ሙያም የሚወጣው ልጅ ሁሉ ስሙን የሚያስይዝለት ሰው የለውም። ለሴት ልጅ ደግሞ ይብሳል። ደንበኛ ሱቅ ገብቶ እሷን አልፎ "ባለሙያው የለም?" ይላል፤ እሷ ሞተሩን በእጇ ይዛ። ሰው በሰው ይተማመናል ስንል፣ ሰው የሌለው ውጭ እየቀረ መሆኑን ብዙም አናነሳውም። እኔም ካርድ ያደልኩት ሰው ስላልነበረኝ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ተስማማን። ቪዲዮውን ትሠራለች፤ ግን ስለ እኛ ጎበዝነት አይደለም። የመጀመሪያው የከሰለውን ፌዝ የሚያሳይ ነው፤ ሞተር እንዲህ ሆኖ ከተቃጠለ ከመጠቅለል በፊት ስዊቹን አሳዩ የሚል። ወልዲያ ያለ አንድ ባለ ወፍጮ አይቶት ራሱ ቡሎኑን አጥብቆ "አመሰግናለሁ" ብሎ ጻፈ። ሥራ አልሰጠንም፤ ተደሰተች። እኔም ተደሰትኩ፣ ግን አላሳየኋትም።

ሁለተኛው፣ ዘንድሮ እትዬ ጋ የሄደችው እሷ ናት። እኔ ለእትዬ ደውዬ "የምልከው ሰው አለ" አልኩ። ይህን ስል እጄን ላብ ላብ አለኝ። ከሐጂ ወገን ሆኜ ስልክ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነበር። ልጅቷ ብቻዋን ሐረጎን ወጣች፤ ጉም ነበር። ማታ ስትመለስ ካርድ ሞልታ መጣች። ከእኔ ጽሑፍ ሥር በራሷ እጅ ጽፋለች፤ የኋላው ኩሺኔታ ድምፅ ጀምሯል፣ ለእትዬ ነግሬያለሁ፣ በሚቀጥለው ወር ይቀየር። እኔ አምና ያንን ድምፅ አልሰማሁትም።

ትናንት ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ደህና ተባባልን፣ ቤተሰብ ደህና፣ አገር ደህና።

"ስልክህን የሰጡኝ ሰኞ ገበያ ያሉት ባለ ወፍጮ ናቸው" አለ ሰውዬው። "ያቺ ልጅ አለች?"

ስልኩን አቀበልኳት። መፍጫው እየጮኸ ስለነበር ወደ ደጅ ወጣች። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?" ስትል ይሰማኛል። በአንድ እጇ ስልኩን ይዛ ተመለሰችና ከጠረጴዛው ሥር ካርቶኑን ሳበች። አንድ ካርድ አወጣች። እስክሪብቶ ስትፈልግ የእኔን ሰጠኋት።